ልጅ ፈልገው ያጡትንም ቁጠሩ

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም በየዩኒቨርሲቲው ስለ ሥነ ተዋልዶ፣ ስለ ሥርዓተ ፆታና ስለ ቤተሰብ ለምታጠኑ ምሁራን በሙሉ

የተከበራችሁ ሁሉ፣

አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። በአገራችን ስለ ቤተሰብ የሚደረገው ጥናት ልጅ ፈልገው ያጡትን ሰዎች ለምን ይረሳል?

እኔ ምሁር አይደለሁም። በቤት ለቤት ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ለዓመታት የሠራሁ ሴት ነኝ። ገጠርም ከተማም ዞሬያለሁ። መጠይቁን ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚረዝም፣ የት ላይ እንደሚዘለልም አውቃለሁ። የምነግራችሁም ስለሚዘለለው ነው።

"ልጅ ወልደው ያውቃሉ?" ብለን እንጠይቃለን። ሴትየዋ "አልወለድኩም" ትላለች። መጠይቁ አሁንም ያጣራል፤ "በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተ ልጅስ ነበር?" ይላል። "የለም" ካለች የልጆች ዝርዝር፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድ፣ የክትባት፣ የጡት ማጥባት ጥያቄዎች በሙሉ ይታለፋሉ። ስድስት ልጅ ያላት እናት ጋ ከሰዓት በላይ እንቀመጣለን። ልጅ የሌላት ጋ ግን የቀረበው ቡና ሳይፈላ እንጨርሳለን። ለሥራው ይመቻል። ለሴትየዋ ግን ምን ማለት እንደሆነ ፊቷ ላይ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ አፍ አውጥተው ይጠይቃሉ፤ "እኔንስ ምንም አትጠይቂኝም?" ይላሉ። ስንት ዓመት እንደሞከረች፣ የት የት እንደሄደች፣ ባሏ ተመርምሮ እንደሆነ የምጽፍበት ቦታ ግን የለኝም።

ጥናቶቹን የምታውቁት እናንተ ናችሁና "ያልተሟላ ፍላጎት" ስለሚባለው መለኪያ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል ግን ላስረዳ። ልጅ የማይፈልጉ ወይም ማራራቅ የሚፈልጉ፣ ነገር ግን መከላከያ የማይጠቀሙ ሴቶች ያልተሟላ ፍላጎት አላቸው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከባለትዳር ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ እንዲህ ተብለዋል። መድኃኒት የሚገዛው፣ በጀት የሚያዘው፣ እርዳታ የሚጠየቀው በዚህ ቁጥር ነው።

አሁን ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። አንዲት ሴት ካገባች አምስት ዓመት አልፏታል እንበል። ባለፉት አምስት ዓመታት አልወለደችም። መከላከያም ተጠቅማ አታውቅም። ስሌቱ ይህችን ሴት መፀነስ እንደማትችል ይቆጥርና ካረጡት ጋር አንድ ላይ ይመድባታል። ከዚያ በኋላ ያልተሟላ ፍላጎት ካላቸው ሴቶች ዝርዝር ትወጣለች። የሀያ ስድስት ዓመት ወጣት ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ጠዋት ጠበል ደርሳ የመጣች ልትሆን ትችላለች። በወረቀት ላይ ግን የጎደላት ነገር የለም።

እኔ በዞርኩበት ሁሉ ከዚህች ሴት የበለጠ ያልተሟላ ፍላጎት ያለው ሰው አላየሁም።

መለኪያው ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። የተሠራው የመከላከያ ፍላጎትን ለመገመት ነው፤ ለዚያ ሥራ ይሆናል። ችግሩ ከጎኑ ሌላ መለኪያ አለመቀመጡ ነው። ልጅ የማይፈልጉትን የሚቆጥር ቁጥር በየጥናቱ ይወጣል፤ ልጅ ፈልገው ያጡትን የሚቆጥር አገራዊ ቁጥር ግን በእነዚህ ጥናቶች የመጀመሪያ ገጾች ላይ ወጥቶ አያውቅም።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ይገባኛል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ልጅ ከ7.7 ወደ 4 ገደማ ማውረድ ግቡ ነበር። የመከላከያ ተጠቃሚውን ደግሞ ከ4 በመቶ ወደ 44 በመቶ ማድረስ። ጥናቶቻችን ይህን ግብ ለመከታተል ተቀረጹ። ሥራውም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ባለትዳር ሴቶች ስምንቱ ብቻ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2019 አርባ አንድ ደረሱ። ከ100,000 ሕያው ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች በ2000ው ጥናት 871 ነበሩ፤ በ2016ቱ 412 ሆኑ። ይህን ለውጥ ያመጡትን ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አከብራለሁ። እናቶቻችን ሳይፈልጉ ሲወልዱና ሲሞቱ ያየ ሰው የቤተሰብ ምጣኔን አይነቅፍም። እኔም አልነቅፍም።

ነገር ግን ምጣኔ መቀነስ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት የ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የካይሮ ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብና ልማት ጉባኤ ጥንዶችና ግለሰቦች የልጆቻቸውን ቁጥር፣ ርቀትና ጊዜ በነፃነት የመወሰን መብት እንዳላቸው ተስማምቷል። በዚያው ዓመት በቺካጎ የተሰበሰቡ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረጉት፤ የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ አሉት። ልጅ ያለመውለድ መብት አለ። ልጅ የመውለድ መብት አለ። የወለዱትን በሰላምና በክብር የማሳደግ መብት አለ። ሦስቱም እኩል ናቸው። የኛ ጥናት በመጀመሪያው ላይ በደንብ ሠርቷል። ሦስተኛው በጦርነትና በመፈናቀል መካከል ስንት እናቶችን እንደሚያስለቅስ ሁላችንም እናያለን፤ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ዛሬ የማነሳው ሁለተኛውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በሕይወት ዘመናቸው የመካንነት ችግር የሚገጥማቸው አዋቂዎች 17.5 በመቶ ገደማ ናቸው። ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በሀብታም አገሮች 17.8፣ በመካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ አገሮች 16.5 በመቶ። ልዩነቱ ጥቂት ነው። ልጅ ማጣት የሀብታም አገር ችግር ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይወድቃል። የሚለየው ሕክምና የማግኘቱ ዕድል ነው።

ደግሞም የኛ አገር ምክንያቶች ብዙዎቹ መከላከል የሚቻሉ ናቸው። ክላሚዲያና ጨብጥ በጊዜ ካልታከሙ የማህፀን ቱቦ ያቆስላሉ፤ ጠባሳው ቱቦውን ይዘጋዋል። ክላሚዲያ በተለይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታን የሚያክሙት በአብዛኛው ምልክቱን አይተው ስለሆነ ምልክት የሌላት ሴት ታልፋለች። ንጽሕና በጎደለው ወሊድ የሚመጣ ኢንፌክሽን አለ። የማህፀንና የቱቦ ቲቢ አለ። አደገኛ ውርጃም አለ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በድብቅ ያስወረደች ልጅ አግብታ ልጅ ስትፈልግ ቱቦዋ ተዘግቶ ልታገኘው ትችላለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ውርጃ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ማስፋቱና አገልግሎቱ በጤና ተቋም መሰጠቱ ኋላ ልጅ ለመውለድ የሚያስችልም ነገር ነው። አንዱ ጎራ ስለ መከላከያና ውርጃ፣ ሌላው ስለ ልጅ ማጣት የሚያወራ አድርጎ መለያየት አያስፈልግም። ሴትየዋ አንድ ናት።

ወንዶቹስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነውና።

ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ይገኛል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ከዚያ ያለፈ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ሴቷ ከምታልፍባቸው ምርመራዎች ጋር ሲነጻጸር ቀላልና ርካሽ ነው። ግን ያገኘኋቸው ሴቶች ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ሴቷ ብቻዋን ትሄዳለች። የቱቦ ራጅ ትነሳለች። መድኃኒት ትውጣለች። ጠበል ትጠመቃለች። ዓመታት ያልፋሉ። ባል አንድም ቀን አልተመረመረም። አማት ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ያወራል፣ መጨረሻ ላይ ባል ሌላ ቤት ይጀምራል። እዚያም ካልተወለደ ጥፋቱ የሁለተኛዋ ይሆናል። አንዲት ሴት የተከታተለችበት አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ማንም "ባለቤትሽ ይምጣ" ብሏት እንደማያውቅ ነግራኛለች።

አገራዊው ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶችንም ያነጋግራል። ስንት ልጅ እንዳላቸው ይጠይቃቸዋል። ልጅ ፈልገው አጥተው እንደሆነ፣ ተመርምረው እንደሆነ ግን አይጠይቃቸውም። ጥናት ያልጠየቀውን ሐኪም አይጠይቅም፣ ፖሊሲም አይጠይቅም። የቤተሰብ ጥናት የሴቶች ጥናት ብቻ ሆኖ ሲቀር ጥፋቱም የሴቶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። መርፌው። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚመርጡት መከላከያ በየሦስት ወሩ የሚወጋው ነው። በየቀበሌው "መርፌው አመከነኝ" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ባለሙያዎች እንደሚሉት መርፌው በቋሚነት አያመክንም፤ ነገር ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ፅንስ ለመያዝ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው ካለ ሴትየዋ ትታገሳለች። ካልነገራት ግን አምስተኛው ወር ላይ ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋን ለጎረቤት ታወራለች፤ ጎረቤቷ መርፌውን ትተዋለች። ወሬውን ከጥርጣሬ በቀር በሌላ ያልተቀበልን እኛ ነን። በቁም ነገር ወስደን ብናጠናው፣ ሴቶቹ ካቆሙ በኋላ ምን እንደገጠማቸው ብንከታተል፣ የመከላከያ አገልግሎቱ ራሱ ይጠቀም ነበር።

ቁጥር ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከወገኖቻችን ታሪክ አንድ ምሳሌ አለ። እስራኤል አንዲት ሴት እስከ 45 ዓመቷ ድረስ ሁለት ልጅ እስክታገኝ የአይቪኤፍ (እንቁላሏንና የወንዱን ዘር ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ አገናኝቶ የማስፀነስ ሕክምና) ወጪዋን በሕዝብ ጤና መድን የምትሸፍን አገር ናት። በዚያችው አገር ከኢትዮጵያ ለሄዱ ሴቶች ዲፖ ፕሮቬራ የተባለው ይኸው የሦስት ወር መርፌ ከሌላው ሕዝብ ጋር በማይመጣጠን መጠን ይታዘዝ እንደነበር አንድ የሃይፋ የሴቶች ድርጅት ያደረገው ጥናት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሴቶቹ በቴሌቪዥን ወጥተው ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ሕክምናው በደንብ ላልገባቸው ሴቶች ማዘዣው እንዳይታደስ ለሐኪሞች መመሪያ ጻፈ። በኋላ የአገሪቱ ኦዲተር በ2016 ባወጣው ሪፖርት ማስገደድ እንደነበረ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። እኔን የሚመለከተኝ ግን ይህ ነው። መነሻው ቆጠራ ነበር። አንድ ሰው ማን ምን እንደሚታዘዝለት ቁጭ ብሎ ባይቆጥር ኖሮ ያ መመሪያ አይጻፍም ነበር።

እኛስ ጋ ሕክምናው የት ደረሰ? በአይቪኤፍ የመጀመሪያዋ ልጅ እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተከፈተው በ2019 ነው። አርባ አንድ ዓመት ቆይቶም ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነው፤ ላመጡት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ከመተማ ወይም ከጂንካ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ ተደጋጋሚ ቀጠሮ የምትጠብቅ ገበሬ ስንት ናት? ስንት ሰው እንደሚፈልገው ሳይታወቅ ሁለተኛው ማዕከል የት ይከፈት? ባህር ዳር ነው? ጅማ ነው? ሐረር ነው? ብዙዎቹ ጥንዶች ደግሞ አይቪኤፍ ላያስፈልጋቸው ይችላል። የሚበቃቸው ቀላል ምርመራ፣ አንቲባዮቲክ፣ የመፀነሻ ቀናትን የሚያስረዳ ሰው ይሆናል። ይህንንም የሚለየው ጥናት ነው።

አንዳንዶቻችሁ ጉዳዩ አሳፋሪ ስለሆነ ሰው አይመልስም ትሉ ይሆናል። ይህን ሰምቼዋለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ በ2016ቱ ጥናት ስለ ባል ዱላ ጠይቀናል። በአገራዊው ጥናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ለዚህ ክፍል ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትመረጥ ነበር። ሰው ከገባ ጥያቄው ይቋረጣል። ከዚያ በፊትም ቡታጅራ ላይ በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ውስጥ ሴቶች በባላቸው የደረሰባቸውን አካላዊና ጾታዊ ጥቃት ተናግረዋል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ደርሶብናል ብለዋል። ሴቶቻችን ይህን ከተናገሩ ልጅ ስለ ማጣታቸውም ይናገራሉ። የሚያስፈልገው ክፍሉ ውስጥ አማት አለመኖሯ ነው።

ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ ወደ ንግሥ የሚሄደውን ሕዝብ ተመልከቱ። ልጅ ለምኖ ስለት የሚገባውን፣ ስለቱ ሰምሮ ልጁን አዝሎ የሚመለሰውን። ሙስሊም እናቶችም ዱዓ ያስደርጋሉ። ይህ ሁሉ ሰው ጉዳዩን በአደባባይ ይዞ ወጥቷል። እምነቱን አክብረን ከጎኑ ሕክምናውንም ብናሳየው አይከፋውም። ያነጋገርኳቸው ሴቶች ጠበሉንም ሐኪሙንም ይፈልጋሉ፤ አንዱን ምረጡ የሚላቸው ሰው ነው የሚያስከፋቸው።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር።

የጤና ሚኒስቴርና የስታቲስቲክስ አገልግሎት ሆይ፣ በሚቀጥለው አገራዊ ጥናት ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ጨምሩ። ለመፀነስ ሞክረው ከአሥራ ሁለት ወር በላይ ቆይተው ያውቃሉ? እርዳታ ፈልገዋል? የት? ባለቤትዎ ተመርምረዋል? ይኸው ነው። ለወንዱም በራሱ መጠይቅ ላይ ይኸው ይጠየቅ። አንድ ልጅ ወልደው ሁለተኛው እምቢ ያላቸውንም አትርሱ፤ እነሱ "አንድ አለሽ" እየተባሉ ማንም አይሰማቸውም። እስካሁን የመጠይቁ ቅርጽ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነበር። ዋናው የገንዘብ ምንጭ የነበረችው አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ለዓለም አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራም የምትሰጠውን ድጋፍ አቋርጣለች። ይህ ጉዳት ነው፤ አውቃለሁ፤ ሥራ ያጡ ባልደረቦች አሉኝ። ግን የራሳችንን ጥያቄ በራሳችን ቋንቋ የምንጽፍበት ጊዜም አሁን ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሆይ፣ የክትትል ጣቢያዎች አሏችሁ። ቡታጅራ፣ ዳባት፣ ጊልጌል ጊቤ፣ ቀርሳ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ቤተሰቦችን ለዓመታት ትከተላላችሁ። ማን መቼ እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ መዝግባችኋል። አግብተው ያልወለዱትን ለማግኘት አዲስ ጥናት መክፈት እንኳ አያስፈልጋችሁም፤ መዝገባችሁ ውስጥ አሉ። ሂዱና ጠይቋቸው። ትዳራቸው ምን ሆነ? መሬት ላይ ያላቸው መብት ምን ሆነ? ሲያረጁ ማን ይጦራቸዋል? ጉዲፈቻ ያሰቡትስ ምን ገጠማቸው? ወደ ውጭ አገር የሚሰጠው ጉዲፈቻ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ ከቆመ ወዲህ አገር ውስጥ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ላይ ብዙ መታወቅ ያለበት ነገር አለ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሆይ፣ ስለ ልጅ ማጣት የሚጠይቅ ጥናት ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሴትየዋ ብቻዋን ትጠየቃለች? ካለቀሰች በኋላ ወዴት ትላካለች? ውጤቱን ማን መልሶ ይነግራታል? ይህ የመጨረሻው ለኔ ትልቁ ነው። ስንት የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል! መልሱን የሰጠችው ሴት አንዱንም አላነበበችም። ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ ይጻፍ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይሰጥ። በቀበሌ ስብሰባ ይነበብ።

እኔና ከኔ ጋር የሠሩ ጥቂት መረጃ ሰብሳቢዎች ጥያቄዎቹን በሰው አፍ እንዴት እንደሚጠየቁ አርቅቀናል። ቃላቱ ሴትየዋን እንዳያስቀይሙ፣ ባልየውም እንዳይሸሽ አድርገን ሞክረናል። ረቂቁን ለሚፈልግ ተቋም ያለ ክፍያ እንሰጣለን። መጠይቁ ከመታተሙ በፊት በሚደረገው የመስክ ሙከራ ላይም ለመገኘት ፈቃደኞች ነን። ረቂቁን ለማን እንደምናስረክብ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ